ተራራውና መምህሩ፤ ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና ስለ ምዘናው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ የሚሄድ መንገደኛ የሚያርፈው በኢምባካሲ ሜዳ ላይ ነው። ማረፊያው የተከፈተው በ1950 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958) ሲሆን፥ የኬንያ ሯጮች ወደ ዓለም የሚወጡበትና ድል አድርገው የሚመለሱበት በር ሆኖ ኖሯል።

ስለ ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ሯጮች በተነገረ ቍጥር የሚሰጠው ምክንያት የአገሩ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፥ ኢምባካሲም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብለው መገኘታቸው፥ ስስ አየርም ደምንና ሳንባን ማለማመዱ እውነት ነው። ነገር ግን ተራራው ከጥንት ጀምሮ በቦታው ነበረ። ሁለቱ አገሮች በ1949 ዓ. ም. (1956) በሜልቦርን የኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፉ አንዳቸውም ሜዳሊያ አላገኙም። በ1961 ዓ. ም. (1968) በሜክሲኮ ግን በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፥ ኢትዮጵያዊው ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ሆኑ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት የተጨመረው ተራራ አይደለም፤ ትምህርት ነው።

ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛ ካዴቶችን የሰውነት እንቅስቃሴ ያስተማረ ሰው ነው። አበበ ቢቂላም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ኒስካነን የሯጩን ችሎታ ለግምት አልተወውም፤ ሰዓት ይዞ ይለካ ነበር። ከሮማ ጉዞ በፊት በአዲስ አበባ በተደረገ ማራቶን አበበ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህም ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ. ም. (1952) በሄልሲንኪ ካቆመው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ዓለም የአበበን ስም ሳያውቅ መምህሩ ምን ሊሠራ እንደሚችል ተረድቶ ነበር።

የተለካው እግር ብቻ አልነበረም፤ አእምሮም ተዘጋጅቶ ነበር። ውድድሩ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. (1960)፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከመደረጉ በፊት መንገዱን አጥንተዋል። ከአክሱም ተወስዶ በሮማ የቆመው ሐውልት ከመድረሻው ብዙ እንደማይርቅ ልብ ብለው፥ የመጨረሻው ግፊት ከዚያ እንዲጀመር ወሰኑ። አበበ በተለይ ሊጠነቀቀው የሚገባው የሞሮኮ ሯጭ ራዲ 26 ቍጥር እንደሚለብስ ተነግሮት ሳለ፥ ራዲ 185 ቍጥር ለብሶ ወጣ። አበበ ባለ 26ን ፍለጋ ሌሎቹን እያለፈ ሲገሠግሥ፥ የሚፈልገው ሰው ከጎኑ ይሮጥ ነበር። ያም ሆኖ አልተሸበረም፤ ጉልበቱን ለመጨረሻው አቈይቶ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ድል አደረገ።

በ1957 ዓ. ም. (1964) በቶኪዮም ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ ብዙ ሳምንታት ሳያልፉ፥ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ወዲያውም በሣሩ ላይ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሲሠራ ታየ። ልብን ማረጋጋት፥ ዕቅድን መጠበቅ፥ ኀይልን መጥኖ ማከፋፈል እንደ እግር ጥንካሬ ሁሉ በልምምድ የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው።

ለመምህር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የማሞ ወልዴ ታሪክ ነው። ማሞ በሜልቦርን በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ማጣሪያውን አላለፈም። በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ። በሜክሲኮ ከብር ሜዳሊያው አንድ ሳምንት በኋላ፥ በ36 ዓመቱ፥ የማራቶንን ወርቅ ወሰደ፤ በ40 ዓመቱም በ1964 ዓ. ም. (1972) በሙኒክ ነሐስ ጨመረ። በመጀመሪያው ውጤት ብቻ ተመዝኖ «ይህ አይሆንም» ተብሎ ቢሰናበት ኖሮ ምን ያህል በጠፋ ነበር!

እንዲህ ያለውን ፍርድ እኔ ራሴ ፈርጃለሁ። ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን፥ የሰውነት ማጎልመሻ ነጥብ የምሰጠው በአገባብ ተራ ነበር፤ ቀድሞ ለገባ ብዙ፥ ኋላ ለቀረ ጥቂት። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚገባ አንድ ልጅ ዝቅተኛውን ነጥብ ከተቀበለ በኋላ በየሳምንቱ ሕመም እያመካኘ ከሜዳው ዳር መቀመጥ ጀመረ። ቈይቼ ስጠይቅ፥ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚሄድ መሆኑን ሰማሁ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ሚዛኔ ግን ዕውር ነበር።

«እንግዲያስ ነጥቡን ትተን ልጆቹን ለጨዋታ ብቻ እናውጣቸው» የሚል ይኖር ይሆናል። የዚህን ፍጻሜ ከኢምባካሲ ወዲያ ያሉት ባልንጀሮቻችን አይተውታል። እስከ 2016 ዓ. ም. (2023) ድረስ በተሰጠው የኬንያ የአንደኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና የሰውነት ማጎልመሻ አይፈተንም ነበር። ትምህርቱ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳለ፥ ሰዓቱ በብዙ ትምህርት ቤት ለሒሳብና ለቋንቋ ይወሰድ ነበር። ሯጮችዋ በዓለም በታወቁባት አገር እንኳ፥ የማይመዘን ትምህርት ቦታ አጣ። በእኛም ዘንድ ፈተና ሲቀርብ መጀመሪያ የሚሠዋው የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደ ሆነ ርእሳነ መምህራን ያውቃሉ።

ስለዚህ ችግሩ መመዘኑ አይደለም፤ ልጁን ከማን ጋር እንደምንመዝነው ነው። በመምህራን ማሠልጠኛችን ለዕጩ መምህራን የምመክረው ቀላል ነው። ተማሪው በመስከረም፥ በየካቲትና በሰኔ ይለካ፤ ነጥቡም ከራሱ ካለፈው ውጤት ባሳየው መሻሻል ይሰጥ። ከመሮጡ በፊት እንዴት እንደሚሮጥ ይናገር፤ ከሮጠ በኋላም ከዕቅዱ የቱ እንደ ተሳካና የቱ እንዳልተሳካ ያስረዳ። ለዚህ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል።

መምህራን ሆይ፥ ተራራውን እግዚአብሔር ሰጥቶናል። ደብተሩን የምንይዘው ግን እኛ ነን፤ መጨረሻ የገባውም ልጅ ስሙ በዚያ ውስጥ አለ።