የራቀ እንግዳና የቀረበ ገበያተኛ በወሎ

እንግዳን ተቀብለው የሚኖሩ ቤቶች እንግዳ ሲቀር በምን ይቆማሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከወሎ ሁለት ከተሞችን፣ ላሊበላንና መካነ ሰላምን እናስተያያለን።

ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ሆቴሎቿና ምግብ ቤቶቿ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጎብኚ ተስፋ አድርገው ተስፋፉ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የምትገኘው መካነ ሰላም ግን፣ በአጠገቧ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ቢኖርም፣ ቡና ቤቷና ጠላ ቤቷ የሚተዳደሩት ይልቁንም በገበያተኛና በመንገደኛ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የውጭ አገር ጎብኚ ቀረ፤ የላሊበላም ገቢ ነጠፈ። የመካነ ሰላም ባለጠላ ቤት ግን ደንበኛዋ የቅርብ ሰው ነውና ጨርሶ አልራቃትም።

ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ይህን ልዩነት አጠፋው። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በጥቅምት 2014 ደግሞ የንግዱ በር ደሴና የቢራ ፋብሪካ ያለባት ኮምቦልቻ ተያዙ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም መንገዶች በየጊዜው ይዘጉ ጀመር። ያን ጊዜ ገበያተኛውም ቀረ፤ የቤት ኪራይና የብድር ዕዳ ግን አልቀሩም።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ በሽታ የራቀውን እንግዳ ሲያስቀር ጦርነት የቀረበውንም የሚያስቀር መሆኑን ነው። ስለዚህ የእነዚህን ቤቶች ችግር ስናጠና ከጎብኚው ቁጥር አስቀድመን የመንገዱን ሰላም ልንመረምር ይገባናል።