«ልትቀስስ ነበር እንዴ?» — ከዩኒቨርሲቲው ስለወጣ አንድ ትምህርት

የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝሁት በነገረ መለኮት ነው። ይህን በተናገርሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልትቀስስ ነበር እንዴ?» ቄስ ቀርቶ ዲያቆንም አይደለሁም። የምተዳደረው እዚህም እዚያም እየጻፍሁ ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት «በማኅበራዊ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው» የሚል ማስታወቂያ አወጣና ማስረጃዬን ይዤ ሄድሁ። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሃይማኖት ነው፤ እኛ ዝርዝር ውስጥ የለም» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ዝርዝሩን አዙራ አሳየችኝ፤ እውነትም የለም።

ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ያብሰለስለኝ ጀመር። ይህ ትምህርት ድሮም ከዝርዝሩ ውጭ ነበር ወይስ ገብቶ ወጥቶ ነው? መልሱን ሳገኘው ገረመኝ። ገብቶ ነበር። ያውም በአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከምህንድስናና ከእርሻ ጋር ጎን ለጎን። እንዴት እንደገባና እንዴት እንደወጣ እስቲ ላጫውታችሁ።

🔹 ከዩኒቨርሲቲው በፊት

ነገረ መለኮትን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ዩኒቨርሲቲ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ ሲማረው የኖረ ነው። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ የበረታው ደግሞ ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት እዚያ ናቸው። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የፈጀበት ሰው ብዙ ነው።

ትምህርቱም የቤተ ክህነት ብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ ክርክር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነገሥታትን ሲያጣላ፣ ገዳማትን ሲከፋፍል፣ ጎጃምን ከጎንደር፣ ሸዋን ከትግራይ ሲያነካካ ኖሮ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው እልባት እስኪሰጡት ድረስ ቆይቷል። «ክርስቶስ በመቀባቱ ምን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይረዱ የጎንደርን ዘመን ፖለቲካ አንብቤ ገባኝ ማለት ዘበት ነው።

🔹 ገብቶ የነበረበት ዘመን

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ገደማ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ለካህናት የሚሆን ዘመናዊ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ቅድስት ሥላሴ ይባላል። በ1953 ዓ.ም. ወደ ኮሌጅ ደረጃ ከፍ አለ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ በየቦታው ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ የምህንድስና ኮሌጅ ገቡ። ቅድስት ሥላሴም አብሮ ገባ።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያስፈግግ ነገር አለው። የዩኒቨርሲቲው እምብርት የሆነውን፣ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያደራጁት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ መሪያቸውም ዶክተር ሉሲየን ማት። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያንን ከአገር ያባረሩት በሃይማኖት ምክንያት ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ተጋብዘው ሲመለሱ ስብከት እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው፣ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው፣ በሱፍና በክራቫት ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ አስተማሩ። ነገረ መለኮት ያጠኑት ካህናት ነገረ መለኮት አያስተምሩም፤ እሱ የቅድስት ሥላሴ ድርሻ ነው።

ቅድስት ሥላሴ ውስጥ ምን ተሠራ? ከሀገር ውስጥ ሊቃውንት ሌላ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ከማላንካራ የመጡ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ቪ. ሲ. ሳሙኤል ኮሌጁን በኃላፊነት መርተዋል። ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ከሥሩ የመረመሩ ሰው ናቸው። የእኛ ወገን አብያተ ክርስቲያናትና እነ ግሪክ ለ1500 ዓመት የተለያዩበት ጠብ ምን ያህሉ የእምነት፣ ምን ያህሉ የቃላት አጠቃቀም እንደሆነ ጠይቀዋል። በሁለቱ ወገኖች መካከል ከተደረጉት ምክክሮች አራተኛው በጥር 1963 ዓ.ም. የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በጥር 1957 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበዋል። ከተማዋ በዓለም የነገረ መለኮት ካርታ ላይ ነበረች ማለት ይቻላል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ፍትሐ ነገሥትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት አባ ጳውሎስ ጻድዋ የካቶሊክ ካህን ናቸው፤ በኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ካርዲናል ሆነዋል። መጽሐፉን በ1960 ዓ.ም. ያሳተመው ግን የዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ ነው። የሕግ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ያስፈልገዋል፤ ካህኑም የሕግ ሰው ያስፈልገዋል። ትምህርቶች በአንድ ግቢ ሲኖሩ የሚወለደው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

🔹 እንዴት ወጣ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን የኢኮኖሚ መሠረቷን አጣች። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት እሳቸውም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፤ ደርግ በዚህ አላዳላም።

በዚሁ መሀል፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ የቅድስት ሥላሴ የኮሌጅ ክፍል ተዘጋ። ንብረቱ ተወሰደ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሳይቀር። ውይይት የለም፤ «ነገረ መለኮት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ የተከራከረ ጉባኤ የለም። በሩ ተዘጋ፣ አለቀ።

ወንበሩ ግን ባዶውን አልቀረም። በየዩኒቨርሲቲው ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የግዴታ ትምህርት ሆነ። ያኔ የተማሩ አጎቶቻችንን ብትጠይቁ አንቀጹን ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል። የማይጠየቅ ትምህርት ወጥቶ የሚጠየቅ ትምህርት ገባ እንዳይባል፣ የገባው ከወጣው ይብስ የማይጠየቅ ነበር።

🔹 የሌላው ወገን እውነት

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ልሞግት። «ድሮ ጥሩ ነበር» ብሎ ማልቀስ ቀላል ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። ዩኒቨርሲቲው በሁሉም ዜጋ ግብር ይተዳደራል፤ የሚያስተምረው ግን የአንዱን ሃይማኖት ነገረ መለኮት ብቻ ነው። የወሎው ሙስሊም ገበሬ፣ የወለጋው ፕሮቴስታንት ነጋዴ ይህን እንዴት ያየው ነበር?

መልሱ መንገድ ላይ ታይቷል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች፣ ከክርስቲያን ወዳጆቻቸው ጭምር፣ የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ወጡ። ከተማዋ እስከዚያ ካየቻቸው ሰልፎች ግዙፉ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር። ስለዚህ የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲል፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ሲል፣ ከደም የተገኘ ትምህርት ይዞ ነው። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። በዚሁ መንፈስ ቅድስት ሥላሴ በ1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ያስከፈቱት አቡነ ጳውሎስ የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪ፣ የደርግ እስረኛ የነበሩ፣ በኋላም አሜሪካ ፕሪንስተን ላይ የተማሩ ሰው ነበሩ። የፕሮቴስታንቱም የካቶሊኩም ኮሌጆች አሉ። እኔም የተማርሁት ከእነዚህ ዓይነት ተቋማት በአንዱ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ?

🔹 የጎደለው

መጀመሪያ የተማርሁትን ልንገራችሁ። አንደኛ ዓመት የግሪክና የዕብራይስጥ ፊደል ትቆጥራላችሁ። ከዚያ ኒቅያ፣ ቁስጥንጥንያ፣ ኤፌሶን፤ ማን ምን አለ፣ ለምን አለ፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን አለ። አብሮኝ የተማረ አንድ የቅኔ ቤት ልጅ ነበር። መምህራችን አንድ ኃይለ ቃል ወስዶ አራት ሊቃውንት አራት ዓይነት እንደተረጎሙት ሲያሳየን እኛ የከተማ ልጆች ደነገጥን፤ የቱ ነው ታዲያ ትክክሉ? ያ ልጅ ግን ፈገግ ብሎ «እኛ ጋ እኮ ይሄ ‹አንድም› ነው የሚባለው» አለ። አንድን ቃል በብዙ መንገድ መመርመር ከእምነት ጋር እንደማይጣላ እሱ ዱሮ ያውቃል። እኔ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ መድረስ ነበረብኝ።

ይህ ዓይነት ልጅ በየኮሌጁ አጥር ውስጥ ብቻ ቀረ። የኦርቶዶክሱ ከኦርቶዶክሱ፣ የፕሮቴስታንቱ ከፕሮቴስታንቱ፣ የሙስሊሙም ከሙስሊሙ ጋር ይማራል። ከሕግ ተማሪ፣ ከታሪክ ተማሪ፣ ከጋዜጠኝነት ተማሪ ጋር ሻይ አይጠጣም። እነሱም አይጠይቁትም።

ዋጋውን ያየሁት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። በኤጲስ ቆጶሳት ሹመት የተነሣው ውዝግብ አገሩን ሲንጠው አንድ አርታኢ ማታ ደወለልኝ። «ርዕሱን ‹ዶግማ ጣሱ› እንበለው ወይስ ‹ቀኖና ጣሱ›? አንድ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። አንድ አይደሉም። ዶግማ የማይለወጠው እምነት ነው፤ እንደ ምሥጢረ ሥላሴ፣ እንደ ምሥጢረ ሥጋዌ። ቀኖና ሥርዓት ነው፤ ማን ይሾማል፣ እንዴት ይሾማል የሚለው እዚህ ይወድቃል። በርዕስ ላይ አንዱን በሌላው መተካት የአስተዳደር ጥሰትን ክሕደት ማድረግ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የቃል ስሕተት ብቻውን ሰው አይገድልም፤ በጋለ ቤት ውስጥ ግን ክብሪት ነው።

አርታኢው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታው ይህን የሚነግረው ክፍል ግቢው ውስጥ አልነበረም። የሃይማኖት ጉዳይ የሚዳኙት ዳኛ፣ የሚያሸማግሉት ባለሥልጣን፣ የሚዘግበው ጋዜጠኛ፣ ሁሉም ከዚያው ግቢ ነው የወጡት።

🔹 ሌሎች ምን አደረጉ?

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1810 ሲቋቋም ነገረ መለኮት ይግባ አይግባ ተብሎ ተከራክረዋል። ሽላየርማኸር፣ ኅብረተሰብ የተማረ ሐኪምና የተማረ ዳኛ እንደሚያስፈልገው ሁሉ የተማረ ካህንም ያስፈልገዋል ብሎ አስገባው። ፈረንሳይ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1885 የካቶሊክ ነገረ መለኮት ፋኩልቲዎችን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ አስወጣች። ሁለቱም ተከራክረው ነው የወሰኑት። ጀርመን ውስጥ ቱቢንገንን የመሰለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የፕሮቴስታንት ፋኩልቲ አለው፣ የካቶሊክ ፋኩልቲ አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ የእስልምና ነገረ መለኮት ማዕከል አለው። ሦስቱም የሚፈተኑት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ደንብ ነው።

የእኔ ሐሳብ ቅድስት ሥላሴ ተመልሶ የመንግሥት ይሁን የሚል አይደለም። ያ ዘመን አልፏል፤ መመለሱም ፍትሕ አይሆንም። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ክርስትናም እስልምናም በቂ ዕውቀት ባላቸው ሰዎች፣ ማንም ተማሪ ሊመዘገብበት በሚችል ክፍል፣ እንደ ትምህርት ይጠኑ። ግእዝ በተወሰኑት ዩኒቨርሲቲዎች ተመልሷል፤ በግእዝ የተጻፈውን ምን እናድርገው? ሁለተኛ፣ በየሃይማኖት ኮሌጁ አራት ዓመት ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና የተማረ ወጣት ለሥራ ሲያመለክት ይመዘን። ካልበቃ ይውደቅ። ግን ሳይመዘን «ዝርዝር ውስጥ የለም» አይባል።

መንግሥት ገብቶበት ሃይማኖትን ፖለቲካ ያደርገዋል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ስጋቱም መሠረት አለው። ግን መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ መግባቱን መቼ ተወ? ልዩነቱ እያወቀ ይገባል ወይስ ሳያውቅ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃል በግእዝ የተጻፈ ነው። ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙን ያዙ የሚል መልእክት አለው። የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ከጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ነው። በየዓመቱ የሚመረቀው ተማሪ ዲግሪው ላይ ይዞት ይወጣል። እኛ ግን በ1970 ዓ.ም. ገደማ አንዱን ትምህርት ሳንመረምር አስወጣነው፤ እስከ ዛሬም አልመረመርነውም።