የኦም ሕግና የአዋሽ መብራት

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር በጂኦግራፊ ትምህርት ሁላችንም ተምረናል። ስለ መብራቱ ግን ብዙ ሲነገር አንሰማም። ውኃው ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ፥ ከውኃው የተገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጀመሪያ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ነበር የወጣው። ፋብሪካውና ሕዝቡ በዚያ ስለ በዛ ነው ቢባል እውነት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ርቀት ነው፤ እርሱም በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ያገኘው ሰው እንደ መምህራኖቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ጌዎርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ የቁልፍ ሠሪ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ ከ1817 ጀምሮም በኮሎኝ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር ነበር። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ጣልያናዊው ቮልታ በ1800 ካስታወቀው ባትሪ ነበር። የባትሪው ጉልበት ምርመራው ሳያልቅ እየደከመ ስላስቸገረው፥ ኦም መዳብና ቢስሙት የተባለውን ብረት አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፥ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አኖረ። በሙቀቱ ልዩነት የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ አገኘ። ከዚያም ረዥሙንና አጭሩን ሽቦ እየለዋወጠ፥ የማግኔቱ መርፌ ምን ያህል እንደሚዞር ለካ።

ውጤቱን በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። ቮልቴጁን በኮረንቱ ብናካፍለው የሽቦው ሬዚስታንስ፥ ማለት ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን፥ ይገኛል። ዛሬ እኛ በአንድ መሥመር ጽፈን የምናልፈው ይህ ነገር ያን ጊዜ በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ ኦምም የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ የሰጠው በ1841 ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጁል በሽቦ ውስጥ የሚወጣው ሙቀት በኮረንቱ ስኩዌርና በሬዚስታንሱ ልክ መሆኑን አስታወቀ። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የሬዚስታንስን መለኪያ በአስተማሪው ስም ኦም ብለው ሰየሙት።

ነገሩን በቤታችን ዕቃ እንመልከተው። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ የውኃ ማፍያ ሬዚስታንሱ 220 ሲካፈል ለ10፥ 22 ኦም ነው። ኃይሉም 220 ሲባዛ በ10፥ 2,200 ዋት ይሆናል። ቤቱ ከመሥመሩ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚደርሰው 176 ቮልት ብቻ ቢሆን፥ ኮረንቱ ወደ 8 አምፔር፥ ኃይሉ ወደ 1,408 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ ከመቶ 20 ሲቀንስ ኃይሉ ከመቶ 36 ቀነሰ ማለት ነው። እናቶቻችን «ዛሬ መብራቱ ደካማ ነው» የሚሉት ይህንን ነው፤ ሳያሰሉ ያውቁታል።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። የቆቃ ግድብ በኢጣልያ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ የማመንጨት አቅሙ 43,200 ኪሎዋት ነበር። ይህን ሁሉ በ220 ቮልት ለመላክ ብናስብ፥ 196,000 አምፔር ያህል ኮረንት ያስፈልጋል። የመሥመሩ ሬዚስታንስ 10 ኦም ነው ብንል ግን፥ 220 ቮልት በዚያ ሽቦ ውስጥ ሊገፋ የሚችለው 22 አምፔር ብቻ ነው፤ ያም ሁሉ ሽቦውን ከማሞቅ በቀር ሌላ ሥራ አይሠራም። በ132 ሺህ ቮልት ሲላክ ግን (በሦስት ሽቦ መሄዱን ለጊዜው ትተን) ኮረንቱ 327 አምፔር ይሆናል። በመንገድ በሙቀት የሚጠፋውም 1,070 ኪሎዋት ያህል፥ ከመቶ 2.5 ብቻ ነው። ስለዚህ ኃይልን ወደ ሩቅ አገር ለማድረስ ከፍተኛ ቮልቴጅ፥ ረዣዥም ምሰሶና ትልልቅ ትራንስፎርመር የግድ ሆነ። ይህም ገንዘብ የሚፈጅ ስለሆነ ሩቁና ጥቂት ሰው የሚኖርበት አገር ተራውን ይጠብቃል። ከቆቃ በታች ሁለተኛውና ሦስተኛው የአዋሽ ማመንጫዎች እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1971 ተጨመሩ።

አዋሽ ሰባት ኪሎን ያቀናው ባቡር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ ባቡር በመጀመሪያ በእንፋሎት፥ ኋላም በናፍጣ ይጎተት ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መሥመር ግን 25 ሺህ ቮልት ከራሱ በላይ ተዘርግቶለታል። ባቡሩ 5,000 ኪሎዋት ቢፈልግ 200 አምፔር ይበቃዋል፤ በ220 ቮልት ቢሆን ኖሮ ከ22 ሺህ አምፔር በላይ ይጠይቅ ነበር።

ሰመራ በቆቃ ምረቃ ዘመን ከተማ አልነበረችም። ከአሳይታ የአፋር ክልል ዋና ከተማነትን የተረከበችው ሰመራ፥ ዛሬ ከኮምቦልቻ በ230 ሺህ ቮልት መሥመር ኃይል ይወርድላታል። በዚያ ቆላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመዳብም ሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ከመቶ 0.4 ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 10 ኦም የነበረው ሽቦ በ45 ዲግሪ 11 ኦም ይሆናል። ቬንቲሌተሩ ሁሉ በሚዞርበት፥ ኃይል ከምንጊዜውም በላይ በሚፈለግበት የሰመራ ቀትር፥ ለዚያው ኮረንት በመንገድ የሚጠፋው ኃይል በአንድ አሥረኛ ያድጋል፤ ያውም ፀሐዩና ራሱ ኮረንቱ በሽቦው ላይ የሚጨምሩትን ሙቀት ሳንቆጥር ነው።