ቡችላን በምሽት ማረጋጋት

ቡችላን በምሽት ማረጋጋት፦ ቤተሰብ አመሻሽ ላይ ሲሰበሰብ የሚጨነቅን ወይም የሚቅበጠበጥን ወጣት ውሻ በቤት ውስጥ ጸጥ የማድረግ ዘዴ። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ሊተኛ ይችላል፤ ማታ የሚናከሰውና ከክፍል ክፍል የሚሮጠውም ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያጣው ነው። ጆሮው እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ የቴሌቪዥን ጩኸትና የበዓል ርችትም ሊከብዱት ይችላሉ። ከግርግሩ ራቅ ያለ፣ ግን ሰው የሚታይበት ምንጣፍ ይዘጋጅለት፤ እዚያ ሲተኛ ልጆች አይንኩት። ማኘክና መላስ ያረጋጋዋል፤ የበሰለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጠው። የፈራን ቡችላ ማባበል ፍርሃቱን ያጠነክራል የሚለው የተለመደ እምነት ስሕተት ነው፤ በእርጋታ መደባበስ አይጎዳውም፣ የሚጎዳው ቁጣና ዱላ ነው። መንቀጥቀጡ ወይም ምግብ እምቢ ማለቱ ከቀጠለ የእንስሳት ሐኪም ይየው።