ፈታሽ ሲመጣ ውሻው ምን ይሆናል?



ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ስንወጣ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ ይቀበሉናል። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በሦስቱም ብዙ ግቢ የቆርቆሮ አጥር፣ የብረት በርና ከበሩ ኋላ ውሻ አለው። ማታ ጅብ በሚጮህበት ዳር ሰፈር ውሻ ጌጥ አይደለም፤ ዘበኛ ነው።

ስለዚህ ፖሊስ ቤት ሊፈትሽ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለቤቱን ሳይሆን ውሻውን ነው። ውሻው ደግሞ የፍርድ ቤት ማዘዣ የያዘን ሰው አጥር ከዘለለ ሌባ አይለይም። ይጮኻል፤ የተፈታ ከሆነም ይመጣል። ፈታሹ መሣሪያ ይዟል። በዚያች ቅጽበት የሚሆነውን የሚወስነው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የፍተሻን ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

የሀገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በሐምሌ 1923 ሲወጣ፣ በ25ኛው አንቀጹ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን አጸና። ዝርዝሩ የመጣው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1954 በታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

የዚህን ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 እያንዳንዱ ወጣት ሊያውቃቸው ይገባል። ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል። ተጠርጣሪ እየተከታተለ ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው ሊጠፋ ነው የሚል ጥቆማ ሲኖረው ግን ያለ ማዘዣ ሊገባ ይችላል። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ መጥቀስ አለበት። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ፍተሻ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ፈታሹ መግባት ቢከለከል ኃይል መጠቀም ይችላል፤ ኃይሉ ግን ተመጣጣኝ መሆን አለበት።

እነዚህ ደንቦች ውሻን በስም አይጠሩም። ግን ልብ በሉ፦ ፍተሻው በቀን ከሆነ፣ በሩ ከተንኳኳ፣ ማዘዣው ከታየ፣ ባለቤቱ ውሻውን የሚያስርበት ጊዜ ያገኛል። ደንቡ ሲከበር ውሻውም፣ ፖሊሱም፣ ከበሩ ኋላ የቆመው ልጅም ይተርፋል። ደንቡ ሲጣስ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ውሻው ነው።

ደንቡ የተጣሰባቸውን ወይም የታገደባቸውን ጊዜያት ታሪክ መዝግቧል። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት የተካሄደውን «አሰሳ» ታላላቆቻችን ዛሬም ያስታውሱታል። የ1954ቱ ሕግ ያኔ አልተሻረም ነበር፤ የታጠቀ የቀበሌ ጠባቂ በር ላይ ሲቆም ግን ሕጉን ጠቅሶ የሚከራከር አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ቤትን፣ አካልንና ንብረትን ከሕገ ወጥ ፍተሻ ጠበቀ። መስከረም 28 ቀን 2009 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መፈተሽን ፈቀደ፤ እስከ ሐምሌ 2009 መጨረሻም ቆየ። ቀጣዩን ቀን አስተውሉ፦ በጥቅምት 2014 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያለ ማዘዣ ፍተሻን የሚፈቅድ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያወጣ ዕለቱ ጥቅምት 23 ነበር። የማዘዣው ሕግ ከታወጀ ልክ 60 ዓመት በሞላበት ቀን መሆኑ ነው።

ውሻ በፍተሻ መካከል ሲገደል ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ፖሊሶች የሄልስ ኤንጅልስ የሞተር ብስክሌት ቡድን አባላትን ቤቶች ሲፈትሹ ሦስት ውሾች ገደሉ። ፖሊሶቹ ማዘዣ ነበራቸው፤ ውሾች እንዳሉም ያውቁ ነበር፤ ለመዘጋጀትም አንድ ሳምንት አግኝተው ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወስን ጊዜ እያላችሁ ከመግደል ሌላ መላ አላዘጋጃችሁም በማለት ከክስ የመከለል ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ። ባለቤቶቹ የወንጀል ቡድን አባላት መባላቸው ውሳኔውን አልለወጠውም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ደግሞ በሜሪላንድ ግዛት የበርዊን ሃይትስ ከንቲባ የቼይ ካልቮ ቤት ተሰብሮ ሁለት ውሾቹ ተገደሉ። አደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ዕቃቸውን በእሱ አድራሻ ልከው ነበር እንጂ ካልቮ ንጹሕ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግዛቱ ልዩ የፖሊስ ቡድኖች ያካሄዱትን ዘመቻ ሁሉ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ የተጎዳ ወይም የሞተ የቤት እንስሳም በሪፖርቱ እንዲገባ ተደረገ። የእኛ ሕግ ከቤት የወጣው ዕቃ እንዲመዘገብ ያዛል። በፍተሻው የሞተውስ የት ይመዘገባል?

«ውሻ እኮ ነው፣ ለዚህ ምን አስጨነቀን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ውሻን ያለ ምክንያት ማሳደግ በዲናችን የተጠላ ነው። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ግን በሐዲስ ተፈቅዷል፤ ብዙ ዑለማዎችም ቤት መጠበቅን በዚሁ ቀይሰውታል። ለተጠማ ውሻ ውሃ በማጠጣቱ አላህ የማረው ሰውዬ ታሪክም በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ ተዘግቧል። የጥበቃ ውሻ የተገደለበት ሰው ካሳ ይገባዋል ወይ በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ይከፈለዋል ይላሉ፤ ሻፊዒዮች ዋጋ የለውም ይላሉ። የማይጎዳን የጥበቃ ውሻ በከንቱ መግደልን ግን የትኛውም መዝሀብ አልፈቀደም።

ኃላፊነቱ የፖሊስ ብቻ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል። ስለዚህ ውሻችሁን ቀን ቀን እሰሩ፤ በሩ ላይ «ውሻ አለ» ብላችሁ ጻፉ። ፖሊስ ሲያንኳኳ በጨዋ አንደበት «ውሻውን ልሰር» በሉ፤ ማዘዣውን ለማየት ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነ ጎረቤት ይመስክር። ጉዳት ከደረሰ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነበሩትን ሰዎች ወዲያው ጻፉ፤ በቃል የቀረ አቤቱታ ጉልበት የለውም።

ፖሊስንም የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ውሻ መኖሩን አስቀድሞ ያጣራ፣ ለማሰር ጊዜ ይስጥ፣ ከገደለም ለምን እንደገደለ በፍተሻው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ለጠፋ ነፍስ አንድ መስመር መጻፍ የለመደ ፈታሽ በሰው ላይ እጁን ከማንሳቱ በፊትም ቆም ብሎ ያስባል።

ወላሁ አዕለም።