የገና ዱላና ጥንግ፦ ከልማድ ወደ ደንብ

በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በደብረ ታቦርና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች የገና ጨዋታ ከልደት በዓል ጋር የተሳሰረ ነው። መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጫፉ የተቆለመመ ዱላና ጥንግ ወይም ሩር የሚባለው ኳስ። ዱላው ጫፉ ከጎበጠ ጠንካራ እንጨት ይቆረጣል፤ ጥንጉም ከእንጨት ተጠርቦ ይድቦለቦላል። በልማዱ የዱላው ርዝመትም ሆነ የተጫዋቹ ብዛት በጽሑፍ አልተወሰነም፤ ሁለቱ ወገኖች ሜዳ ላይ ይስማማሉ። ጌታና ሎሌም እኩል ይጋጠሙ ነበር።

ውድድር ከመንደር ሲወጣ ግን የመሣሪያ ደንብ ግድ ይሆናል። የጠረጴዛ ቴኒስ ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1952 በቦምቤይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ራኬት ይዞ አሸነፈ። ስፖንጁ የኳሱን ድምፅ ስለሚውጥና ፍጥነቱን ስለሚጨምር ተጋጣሚዎቹ ተቸገሩ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1959 ደንብ አወጣ፤ ስፖንጅና ጎማ ከነማጣበቂያቸው ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለባቸውም።

ገናም ዛሬ በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ በዳኛና በተጻፈ ደንብ ይካሄዳል። ደንቡ ውድድሩን ፍትሐዊ ያደርጋል፤ ዱላ መርጦ የመቁረጥና ጥንግ የመጥረብ ዕውቀት ግን ከአባት ወደ ልጅ ካልተላለፈ ደንብ ብቻውን ጨዋታውን አያቆየውም።