ጆርናል ያዥ ፋይል ሲስተምና የቦሌ መብራት

በ1990ዎቹ ከኤርፖርቱ መንገድ እስከ 22 ማዞሪያ የተስፋፉት ኢንተርኔት ካፌዎችና የኮምፒውተር መደብሮች ከቫይረስ ባልተናነሰ የሚፈሩት የመብራት መጥፋትን ነበር። በዘመኑ የተለመደው ዊንዶውስ 98 የሚሠራው በፋት 32 ፋይል ሲስተም፣ ማለትም የእያንዳንዱ ፋይል ክፍል በዲስኩ ላይ የት እንዳለ በሚመዘግብ ሥርዓት፣ ሲሆን፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስካንዲስክ የተባለው ፕሮግራም ዲስኩን ይፈትሽ ነበር። ሊኑክስ የተጫነባቸው ሰርቨሮችም ከዚህ አላመለጡም፤ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት ኤክስት 2 ፋይል ሲስተም በወጉ ሳይዘጋ ከቀረ ከዳር እስከ ዳር መመርመር ነበረበት፣ ምርመራውም ከዲስኩ ስፋት ጋር ይረዝም ነበር።

ጆርናል የተባለው ዘዴ ሒሳብ ሠራተኛ ወደ ዋናው መዝገብ ከማስተላለፉ በፊት በዕለት መዝገብ እንደሚያሰፍረው ሁሉ፣ ለውጡ ከመፈጸሙ በፊት በዲስኩ አንድ ጥግ እንዲጻፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መብራት ሲመለስ የሚነበበው ይህ ጥግ ብቻ ነው። አይቢኤም በ1982 ዓ.ም. ኤአይኤክስ በተባለው ሥርዓቱ ተጠቅሞበታል፤ ለሊኑክስ ደግሞ ስቲቨን ትዊዲ በ1990 ዓ.ም. ንድፉን አቀረበ። ጆርናል ያለውን ኤንቲኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ወደ ተራው ተጠቃሚ ያደረሰው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ለገበያ በቀረበ ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ጆርናል የታከለበትን ኤክስት 2፣ ማለትም ኤክስት 3ን፣ ያካተተው የሊኑክስ ከርነል 2.4.15 ወጣ። (ከርነል የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት ነው።) ዲስክ ያድናል የተባለው እትም ግን ፋይል ሲስተም የሚያበላሽ ስሕተት ስለተገኘበት በሦስተኛው ቀን በ2.4.16 መተካቱ ፌዝ ይመስላል።

በዚያ ዘመን ከርነሉን ራሱ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ኤክስት 3ን ከከርነሉ ጋር ያዋሕደው፣ ሲፈለግ በሚጫን ሞጁል መልክ ያስቀምጠው፣ አለዚያም ይተወው ነበር። ሞጁሉ በዚያው ዲስክ ላይ ከተቀመጠ፣ ዲስኩን ለማንበብ ሞጁሉ፣ ሞጁሉን ለማግኘት ደግሞ ዲስኩ ስለሚያስፈልግ፣ ኢኒትአርዲ የተባለው ቀድሞ ወደ ሚሞሪ የሚገባ የመነሻ ጥቅል ግድ ይሆን ነበር። ኤክስት 3 ተትቶ ኤክስት 2 ብቻ በከርነሉ ውስጥ ካለ ስሕተቱ የባሰ ድብቅ ነበር፤ በወጉ የተዘጋ ዲስክ እንደ ኤክስት 2 ያለ ጆርናል ተከፍቶ ያለ እንከን ስለሚሠራ፣ ባለሙያው ጥበቃ መጥፋቱን የሚያውቀው መብራት ሲጠፋ ነበር።

ጥበቃውም ቢሆን ወሰን አለው፤ በተለመደው አሠራር ጆርናል የሚጠብቀው የፋይሎቹን አደረጃጀት እንጂ ገና ያልተጻፈውን ሰነድ አይደለም። ይህ በጉልህ የታየው በ2001 ዓ.ም. ነው። የኤክስት 3 ተተኪ ኤክስት 4 ታኅሣሥ ላይ በከርነል 2.6.28 ለሥራ ዝግጁ ተብሎ ሲወጣ፣ ለፍጥነት ሲል መረጃን ዲስክ ላይ ማስፈሩን ስለሚያዘገይ፣ ማሽኑ በድንገት ሲቆም ባዶ ፋይሎች እየተገኙ ቅሬታ አስነሣ፤ ማስተካከያው ሰኔ ላይ በ2.6.30 ገባ። አዲስ አበባ መብራት በፈረቃ የምታገኘውም በዚያው ዓመት ነበር፤ ፈረቃው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ባነሰበት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ተመልሷል።

ዛሬ በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ጎሮ፣ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የዳታ ማዕከላት ሲከፈቱ፣ የመብራቱ ሥጋት በአብዛኛው ወደ ባትሪና ጄኔሬተር ተዛውሯል፤ ከርነል የሚያዋቅረውም በአመዛኙ የሊኑክስ ስርጭቱ አዘጋጅ ነው። በመንገድ ዳር ሱቅ ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ማሽን ግን አሁንም የሚተማመነው በጆርናሉ ነው።